ጳጉሜን የማያውቅ ቋንቋ

በዚህ አገር «የትኛው ቋንቋ ይሁን?» ብሎ መጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ታውቃላችሁ። ወዳጅ ይኮራረፋል፣ ታሪክ ይመዘዛል፣ በመጨረሻም ቡናው ቀዝቅዞ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ስለዚህ ከወዲሁ ልናገር፤ የዛሬው ጨዋታ ስለዚያኛው ቋንቋ አይደለም። ስለ ኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ተገላገልን እንዳትሉ ግን። ፕሮግራመሮችም ሲጣሉ ያው የኛው ልጆች ናቸው።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስት የማውቃቸው ልጆች አሉ፤ ኮድ ጽፈው የሚያድሩ። አንዱ ቀን ቀን ተቀጥሮ ይሠራል፣ ሁለተኛው ለውጭ ደንበኛ ከቤቱ ሆኖ ይሠራል፣ ሦስተኛው «የራሴን ነው የምሠራው» ይላል፤ ትርጉሙ ለሁላችንም ግልጽ ነው። ማታ ማታና ቅዳሜ ደግሞ አንድ የጋራ ሥራ ይዘዋል። አንድ የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላቱን መዝገብ የያዘበት አሮጌ ሶፍትዌር አለው፤ እሱን ወደ አዲሱ ዓለም አሻግሩልን ብሏቸዋል። ነገሩን የቆሰቆሰው ማይክሮሶፍት ነው። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ አቆመ፤ የማኅበሩ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን ለመሸከም ዕድሜያቸው አልፈቀደም። «አዲስ ኮምፒውተር ከምንገዛ ለምን በስልክ አይሆንም?» አለ ኮሚቴው። ጥሩ ሐሳብ ነው።

ይኸው ወራት አለፉ። እስካሁን አንድ መስመር ኮድ አልተጻፈም። በየትኛው ቋንቋ እንደሚጻፍ አልተስማሙማ!

ክርክሩን ብሎካቸው ሥር ካለችው ጀበና ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አሁን እንቅልፍ ላይ ሆኜም ልወጣው እችላለሁ።

አንደኛው ልጅ ኮትሊን ነው። (ሰውየውን በቋንቋው ስም ብጠራው አትፍረዱብኝ፤ ራሱም «እኔ ኮትሊን ነኝ» ነው የሚለው።) ጎግል በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ኮትሊንን የአንድሮይድ ይፋ ቋንቋ አድርጎ ተቀበለው፣ በ2019 ደግሞ ከእንግዲህ ቅድሚያ ለኮትሊን ነው አለ። «የቤቱ ባለቤት የመረጠውን ትቼ ተከራይ ላማክር?» ይላል ልጁ። የአባላቱ እጅ ላይ ያለው ስልክ አብዛኛው አንድሮይድ ስለሆነ እዚህ ላይ ሐቅ አለው። በዚያ ላይ መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ የአንድሮይድ አፕ ሥራ ነው፤ ነገ የሚረከበን ሰው አይጠፋም ባይ ነው።

ሁለተኛው ፍላተር ነው፤ ቋንቋው ዳርት ይባላል። «አንዴ እጽፋለሁ፣ አንድሮይድ ላይም አይፎን ላይም ይሠራል፤ አለቀ!» ኮትሊን ይሄኔ ፈገግ ብሎ «ማክ አለህ?» ይለዋል። ጸጥታ። ለአይፎን የሚሆን አፕ ገንብቶ ለማውጣት የአፕል ኮምፒውተር ያስፈልጋላ። አፕ ስቶር ላይ ለመለጠፍ ደግሞ በየዓመቱ 99 ዶላር ይከፈላል፤ ጎግል ፕሌይ አንዴ 25 ዶላር ተቀብሎ ይለቃችኋል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ 99 ዶላር በብር ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን ለእናንተ መንገር ቁስል መነካካት ነው። ብሩ ቢገኝ እንኳ የሚከፈልበት ካርድ ፍለጋ ውጭ አገር ያለ ዘመድ መለመን አለ። ኮትሊን በዚህም አይበቃውም፤ ጎግል በ2024 ከፍላተር ቡድን ሰው መቀነሱን አንስቶ «ነገ ቢዘጋውስ?» ይላል። ያ ዜና ለፍላተር ልጆች እስካሁን የእግር እሾህ ነው።

ሦስተኛው ጃቫስክሪፕት ነው። እሱ አፕ መጫን የሚባለው ነገር ራሱ አይዋጥለትም። «የሰው ስልክ ሞልቷል! ፎቶ አጥፍቶ ነው ያንተን አፕ የሚጭነው?» ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር ገንዘብ መላኪያ ነበር፤ ዛሬ ሱፐርአፕ ሆኖ ሌሎች ትንንሽ አፖችን በሆዱ ይዟል። ቴሌግራምም እንዲሁ። የእነዚህ ሚኒ አፖች ሥሪት በአመዛኙ የድረ ገጽ ሥሪት ነው፤ ማለትም የጃቫስክሪፕት ሠፈር። «በ2016 ሕዝቡ ሁሉ ሐምስተር ሲነካካ የከረመው በምን የተሠራ ይመስልሃል?» ሲል ቡና ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ከሳቂዎቹ መካከል ጣቱ እስኪደነዝዝ የነካካ እንዳለ እገምታለሁ።

ሦስቱም ልክ ናቸው። መከራውም ይኸው ነው። ሦስት ልክ የሆኑ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ከቡናና ከጊዮርጊስ ደጋፊ በላይ አይግባቡም።

አንድ ቅዳሜ የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ መጡ፤ ጡረታ የቀረባቸው፣ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የሚይዙ ሰው። ልጆቹ «ጋሼ ይቀመጡ» ብለው ወንበር ለቀቁ፣ ማኪያቶ ታዘዘ፣ ክርክሩ ቀጠለ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ሲያዳምጡ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ልጆቼ፣ የድሮዎቹ ስሞች ይመጣሉ ወይ?»

ማንም አልመለሰላቸውም። እኔን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው።

የማኅበሩ ሶፍትዌር የተጻፈው በቪዡዋል ቤዚክ 6 ነው። ዕድሜያችሁ የማይደርስ ካላችሁ፣ አንድ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ «ሲስተም አሠራን» የሚል መሥሪያ ቤት ሁሉ ያሠራው ወይ በእሱ፣ ወይ በፎክስፕሮ፣ ወይ በአክሰስ ነበር። ማይክሮሶፍት ቪዡዋል ቤዚክ 6ን በ1998 እ.ኤ.አ. አወጣ፣ ድጋፉን በ2008 አቆመ። ለፎክስፕሮ ደግሞ በ2007 «ከ9ኛው እትም በኋላ ሌላ አይኖርም» አለ። የሚገርመው ግን በቪዡዋል ቤዚክ 6 የተጻፈ ፕሮግራም ዛሬም ዊንዶውስ 11 ላይ ይነሳል፤ ማይክሮሶፍት ማስኬጃውን አውጥቶ መጣል አልቻለም። በዓለም ላይ ስንት «ጋሼ» እንዳለ አስቡት።

ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቪዡዋል ቤዚክ 6 ከወጣ ከዓመት በኋላ። የቪዡዋል ቤዚክ የጽሑፍ ሳጥኖችም ዩኒኮድ የማሳየት ችሎታ አልነበራቸውም። ታዲያ የአባላቱ ስም በአማርኛ እንዴት ተጻፈ? በብልሃት ነዋ። ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተሰጡት ኮዶች ላይ የግዕዝ ልብስ የሚያለብስ ፎንት ይጫናል፤ ስክሪኑ ላይ የምታዩት «አበበ» ነው፣ ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የአጋኖ ምልክት ድብልቅ ነው። ፎንቱን ስታነሱት አበበ ይጠፋል። ያን ጊዜ ደግሞ ፎንት ሠሪው ሁሉ የየራሱ አደራደር ነበረው፤ የፓወር ግዕዙ ለቪዡዋል ግዕዙ አይሆንም። በአንዳንዱ አሠራር አንድ ፊደል ከሁለት ቁራጭ ይገጣጠማል። ስለዚህ ያንን መዝገብ ወደ ዩኒኮድ መመለስ ማለት ፊደል በፊደል ሠንጠረዥ ሠርቶ፣ ለውጦ፣ ከጋሼ ደብተር ጋር ማመሳከር ማለት ነው። ኮትሊን ይህን አይሠራላችሁም። ዳርትም አይሠራም። ሰው ነው የሚሠራው፤ ያውም አማርኛ ማንበብ የሚችል፣ ትዕግሥት ያለው ሰው።

ስሞቹ በዩኒኮድ ገቡ እንበል። ኃይሉ የሚባል አባል አለ። አንዷ ጸሐፊ በ«ኃ» ጻፈችው፣ ሌላዋ በ«ሀ»፣ ብድር ሲወስድ ደግሞ በ«ሐ» ተመዘገበ። ለኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት። አንዱ ኃይሉ ይቆጥባል፣ ሌላው ኃይሉ ይበደራል፣ ሦስተኛው የሉም። ጸሐይና ፀሐይ፣ ሠናይትና ሰናይት፣ ዓለሙና አለሙ፤ እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። የማውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ «ሀ» እና «ሐ»ን የተለያዩ ፊደላት አድርገው ነው የሚያወዳድሩት፤ ልክም ናቸው፣ የተለያዩ ፊደላት ናቸዋ። ለፍለጋ ሲሆን አንድ አድርጎ የሚያይ ነገር ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። ግን የሚያስፈልግ መሆኑን ለማወቅ ከቡናው ተነሥቶ መዝገቡን መክፈት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። ጳጉሜን።

የድሮው ፕሮግራም ቀንን እንደ ጽሑፍ ነው ያስቀመጠው፤ 30/02/1997 ብሎ። ለኛ ይህ ጥቅምት 30 ነው፤ ምንም ችግር የለበትም። ለፈረንጅ ካሌንደር ግን ፌብሩዋሪ 30 ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም። እዚህ ላይ ነው የቋንቋዎቹ ጠባይ የሚለየው፤ ልጆቹም መከራከር ከነበረባቸው መከራከር የነበረባቸው በዚህ ነው። ቁጥሮቹን ለፓይተን ብትሰጡት ይጮኻል፤ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይቆማል። ጃቫም፣ በጃቫ የቀን ሥሪት የሚጠቀመው የአንድሮይድ ኮትሊንም እንዲሁ። ጃቫስክሪፕትና ዳርት ግን ጨዋ ናቸው፤ ምንም ሳይናገሩ ወደ ማርች 2 ያሻግሩታል። የአባሉ ብድር ቀን ተቀየረ፣ ማንም አላወቀም፣ ስክሪኑ ላይ ሁሉ ነገር ያምራል። እኔ የሚጮኸውን ነው የምወደው። በገንዘብ ጉዳይ ላይ ዝም ብሎ የሚያስተካክል ሰውም ሆነ ማሽን ያስፈራኛል።

13ኛው ወር ሲመጣ ደግሞ አብዛኞቹ እጅ ይሰጣሉ። የዶት ኔት መደበኛ ዕቃ ቤት ውስጥ የዕብራውያን፣ የፋርስ፣ የታይላንድ፣ የጃፓን ካሌንደር አለ፤ የኛ የለም። የፓይተን መደበኛ የቀን ሥሪት የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። አፕል በስዊፍት ውስጥ ዓመተ ምሕረትንም ዓመተ ዓለምንም ለይቶ አስቀምጧል፤ እውነት ለመናገር ይህን ሳይ ኮርቻለሁ። አንድሮይድ ከ7ኛው እትሙ ጀምሮ የኢትዮጵያን ካሌንደር በውስጡ ይዟል። ጃቫስክሪፕት አሳሹ ውስጥ ባለው ሥሪት የዛሬን ቀን በኛ አቆጣጠር አሳምሮ ይጽፍላችኋል፣ ከኛ ወደ ፈረንጅ መመለሱን ግን ለእናንተ ይተወዋል። ለዳርት የኛው ልጆች «አቡሻኽር» የሚባል ጥቅል ሠርተውለታል፤ ስሙን ያወጣው ልጅ ቡና ይገባዋል።

ሰዓቱን አታንሱብኝ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚለውን በራሱ የሚረዳ ቋንቋ አላየሁም።

«ቀን ምን ያህል ነገር ነው?» ትሉ ይሆናል። ማኅበሩ ቁጠባና የብድር ክፍያ የሚሰበስበው ከደመወዝ ነው፤ ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ይወጣል፣ ጳጉሜን ደመወዝ የለውም። ወለድ ግን በቀን ከተቆጠረ ጳጉሜንም ይቆጠራል፤ 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። አንዱ በወር ሌላው በቀን ካሰላ ሒሳቡ አይገናኝም። ልዩነቱ በአንድ ሰው ሳንቲም ነው፤ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ግን ሳንቲም አይደለም፣ «ኮሚቴው በላን» ነው።

ትልቁን ምሳሌ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ከአርብ ለቅዳሜ በነጋው ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጥሮ ሰው ከሌለው ሒሳብ ብር ሲያወጣ አደረ። ባንኩ በኋላ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ተናገረ፤ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ሥራ ላይ የተፈጠረ እክል ነው ተባለ። ያን ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብር መልሱ ሲባሉ፣ ስማቸው ሲለጠፍ፣ እናቶች ሲያለቅሱ፣ አንድም ሰው «ሲስተሙ የተጻፈው በምን ቋንቋ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። የሚጠየቀው ሌላ ነበር። ማን ፈተሸው? ሌሊት ማን ነበር?

ሌላው ልጆቹ የማያነሱት ነገር ኢንተርኔት ነው። ቪዡዋል ቤዚክ ከነመማሪያው በሲዲ ይመጣ ነበር፤ መብራት ካለ ትሠራላችሁ። የዛሬዎቹ ገና ሥራ ሳትጀምሩ በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ከየአቅጣጫው ይጎትታሉ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ጥቅሎቹን አስቀድሞ ማሽኑ ላይ ያስቀመጠ ሠራ፣ ያላስቀመጠ ካርታ ተጫወተ። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አማራጭ አለ፣ እውነት ነው። ግን አሁንም አንድ ፕሮጀክት ከመምረጤ በፊት «መረቡ ሳምንት ቢጠፋ ይሄ ነገር ይነሳል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

እሺ አንተስ ምን ትላለህ በሉኝ። ድምፄን ልስጥ፤ ፒኤችፒ።

ስትስቁ ይሰማኛል። ኮትሊን ይህን ስነግረው እንደ ታመመ ሰው ግንባሬን ነካካኝ። ፒኤችፒ አሮጌ ነው፣ አያምርም፣ ማንም ቲሸርት ላይ አያሳትመውም። ግን ዊኪፔዲያ፣ የአማርኛውም ጭምር፣ የሚሠራው በእሱ ነው፤ ዎርድፕሬስም በእሱ ነው፤ ፌስቡክ የተጀመረውም በእሱ ነው። የኢትዮጵያን ካሌንደር የሚያውቅ ማስፋፊያ አለው። እሱም ፌብሩዋሪ 30ን ዝም ብሎ ከሚያሻግሩት ጨዋዎች አንዱ ነው፣ አልደብቅም፤ ግን ቀኑ መኖር አለመኖሩን የሚያጣራ ትእዛዝ አብሮት ይመጣል፣ ጻፉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራው በስልክ አሳሽ ይከፈታል፤ ማክ አይጠይቅ፣ 99 ዶላር አይጠይቅ፣ የአባላትን ፎቶ አያስጠፋ። ነገ ቴሌብር ውስጥ እናስገባው ቢባልም ከድረ ገጽ መነሣት ይቀላል።

እውነተኛው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ሶፍትዌር የጻፈው ሰው ዛሬ አገር ውስጥ የለም። ጎበዝ ነበር አሉ፤ ጎበዝ ስለነበር ሄደ። ከሦስቱ የአባዶ ልጆችም አንዱ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ነው፣ ሌላው ማመልከቻ አስገብቷል፣ ሦስተኛው ዲቪ ይሞላል። አይፈረድባቸውም፤ እኔም እሞላለሁ። እንግዲህ ሦስቱም ቢሄዱ ጋሼ ማንን ይጠራሉ? ከመገናኛ እስከ ጣፎ ባለው መንገድ ላይ ፒኤችፒ ነክቶ የሚያውቅ ልጅ በየታክሲው አንድ አይጠፋም። የዳርት ሰው ግን መፈለግ አለበት፤ ሲገኝም ዋጋው በዶላር ነው። የተማረ ሁሉ የሚያውቀው አሰልቺ ቋንቋ ለደንበኛ ዋስትና ነው፤ ለፕሮግራመሩ ግን ሲቪው ላይ አይደምቅም። ክርክሩ የከረረው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችሁ ይሆናል። ልጆቹ ለማኅበሩ ቋንቋ እየመረጡ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ሥራቸው እየመረጡ ነው። ከደመወዛችን አንጻር ነውር ነው አልልም። ቢያንስ ግን ይነገር።

ፍላተር አንድ ጥሩ መልስ ሰጥቶኛል፣ ልደብቀው አልፈልግም። «ሁላችንም አሰልቺውን ብንመርጥ ይቺ አገር መቼም አዲስ ነገር የሚያውቅ ሰው አይኖራትም። እኔ ዳርትን የምለምደው በማን ፕሮጀክት ላይ ነው?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ በራስህ ፕሮጀክት ላይ የሚል ነው፤ በሰው ቁጠባ ላይ አይለመድም። እሱ ይህን አልተቀበለኝም፤ ሲኒውን አንሥቶ ወደ ኮትሊን ዞረ።

ማንኛውንም ይምረጡ፣ የድሮው ፕሮግራም እንዳይጠፋ ብቻ። ኔትስኬፕ የሚባል አሳሽ ነበር፤ ኮዱን ጥሎ ከባዶ እጽፋለሁ ብሎ 5ኛ እትሙን ሳያወጣ ቀርቶ 6ኛው በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲደርስ ገበያው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ተወስዶ ነበር። አሮጌው ከአዲሱ ጎን ለጎን ይሂድ፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር ተነሥቶ ቢያንስ ጳጉሜን እስኪያልፍ፣ ጋሼም በደብተራቸው እያመሳከሩ። ከፊታችን ያለው ባለ 6 ቀን ጳጉሜን በ2019 ዓ.ም. ነው፤ ለዚያ የሙከራ ቀን ከአሁኑ አስገብተው ይፈትሹ።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ ነበር። ጃቫስክሪፕት አሸነፈ አሉኝ። ጥሩ ነው፣ መቼ ትጀምራላችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ «ሪአክት ይሁን ወይስ ቪዩ» የሚለውን መወሰን አለብን፣ ቅዳሜ ስብሰባ አለን አሉኝ።